ችሎ ማደር ጤና ማለት አይደለም፦ ስለ ሥራና አእምሮ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠዋት የመምህራን ክፍል ስንገባ «እንዴት አደራችሁ?» እንባባላለን። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። እኔም ይህንኑ እያልኩ ሁለት ዓመት ታምሜ ኖሬአለሁ። አሁን ተሽሎኝ ሳስበው፣ ከሕክምና ያዘገየኝ ስለ ሕመሙ የነበረኝ የተሳሳተ ግምት ነው። በባንክ፣ በጤና ጣቢያና በቀበሌ የሚሠሩ ወዳጆቼም ያንኑ ሲደግሙት እሰማለሁና አንድ በአንድ ላንሣው።

«እኔ ምን ሆንኩና? እብድ አይደለሁ»

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ልብሱን ጥሎ በየመንገዱ የሚንከራተት ሰው ነው። እንዲያ ያለ ከባድ ሕመም አለ፤ የሚይዘው ግን ጥቂቱን ነው። በብዛት የሚገኙት ድባቴ (ዲፕሬሽን) እና ጭንቀት ናቸው፤ እነሱ የያዙት ሰው ደግሞ ልብሱን ተኩሶ፣ ሰዓቱን አክብሮ ሥራ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ብቻ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን ይገምታል። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከአምስት ሰው አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይኸው ድርጅት ይናገራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ተኩስ ሲሰማ እያደረ ሥራ የገባ የጎጃም ሠራተኛ ይህ ቁጥር የሚገርመው አይመስለኝም።

«ጨጓራዬ ነው እንጂ ሌላስ ደህና ነኝ»

የእኔ መንገድ ይህ ነበር። ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይወጋኛል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ እስኪነጋ ጣራ ጣራውን አያለሁ። በርበሬ ተውኩ፣ ቡና ቀነስኩ፣ የጨጓራ መድኃኒት በየወሩ ገዛሁ። የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን በሰፊው ስለሚገኝ መመርመሬ ትክክል ነበር። ጥፋቴ ምርመራው ምንም የለብህም ሲለኝ ሌላ የሚጠየቅ ነገር እንደሌለ መቁጠሬ ነው።

ጭንቀት በሰውነት ይናገራል። አደጋ መጣ ብሎ የተነሣ ሰውነት ልብን ያስሮጣል፣ ጡንቻን ይወጥራል፣ የሆድን ሥራ ያዛባል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሲሆን ይጠቅማል፤ ለወራት ሲሆን ግን ያደክማል፣ ያሳምማል። ቋንቋችን እኮ ይህን ያውቀዋል! «ሆድ ባሰኝ»፣ «አንጀቴ አረረ» እንላለን። ሐዘኑን በሆዱና በአንጀቱ የሚናገር ሕዝብ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሆዱን ብቻ አሳይቶ ይመለሳል። ሲብስ ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ይላል።

እንግዲህ የድባቴ መለያው ምንድን ነው? አብዛኛውን ቀን መከፋት ወይም ደስ ይለን የነበረው ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ሐሳብ መሰብሰብ አብረው ከተዛቡ፣ ነገሩ መታየት አለበት። እኔ የአንድ ክፍል ፈተና ማረም ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ደወል ሲደወል ልቤ ይመታ ነበር። ተማሪዎቼ አስተዋሉ፤ እኔ ግን አላስተዋልኩም።

«አባቶቻችን ከንጋት እስከ ማታ እያረሱ መቼ ተጨነቁ?»

በመጀመሪያ፣ ገበሬም ይጨነቃል። የማዳበሪያ ዋጋና የዘገየ ዝናብ እንቅልፍ ይነሱታል። ግን አባቴ ቢቸና አካባቢ ሲያርስ ያየሁትን ልናገር። ቅዳሜና እሑድ ሞፈር አያነሣም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ብሎ ያርፋል። አጨዳው ሲከብደው ወንፈል ይገባል፣ ደቦ ይጠራል፤ ብቻውን አይሸከምም። በሬዎቹን ከፈታ በኋላም ሥራው ተከትሎት ቤት አይገባም። ጥንካሬው ከዚህ ሥርዓት ጋር የተሠራ ነው። እኛ ጥንካሬውን ወርሰናል ብለን እንኮራለን፤ ዕረፍቱንና ወንፈሉን ግን ትተናል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም «ሪፖርቱ ጠዋት ይድረስ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ እኛም እሺ እንላለን።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በሳምንት ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። ፈቃዱን ሳይወስድ ዓመቱን የጨረሰ ሰው ግን በሁለቱም ዘንድ ሲመሰገን እሰማለሁ፤ ይህ ምስጋና ጎጂ ነው።

«ወይ ጸበል ወይ ሐኪም»

ማን አንዱን ምረጡ አለን? ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ወርዶ የተጠመቀ ሰው በእምነቱ የሚያገኘውን ጽናት እኔ አላቃልለውም፤ እኔም ተጠምቄአለሁ። አደጋው ጸበል ሲጀመር መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ነው። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሕይወትን የሚያሰጋ ተከታታይ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱን እየወሰዱ መጠመቅ ይቻላል፤ ይህን የሚመክሩ አባቶችም አሉ።

«መድኃኒቱ ሱስ ያስይዛል፤ ይልቅ ትንሽ አረቄ ይሻላል»

እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ለውጣቸው ለመታየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚተዋቸው እዚህ ላይ ነው። ተሻለኝ ብሎ ወዲያው ማቆምም ሕመሙን ሊመልሰው ይችላል፤ ማቆሚያው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ ነው። በአንጻሩ እንቅልፍ ለማምጣት ተብሎ የሚዋጠው ዳያዜፓም ሳምንታት ሲቆይ በእርግጥ ሱስ ያስይዛል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱት ወዳጆች ስላሉኝ ይህን ሳልናገር አላልፍም። አረቄውስ? ቶሎ ያስተኛል፣ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን ያምሰዋል፤ ጠዋት ጭንቀቱ ጨምሮ ይቆያል።

«ስለ ሞት አታንሣበት፤ ሐሳቡን ታስገባበታለህ»

ይህ ሕይወት ያስከፈለ ስህተት ነው። ባልደረባችን «መኖሬ ምን ይጠቅማል» ማለት ከጀመረ፣ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል፣ የመናገሪያ በር ይከፍትለታል። አስቤአለሁ ካለ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ቀን አብሮት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ይፈለጋል።

«ሰነፍ ሆነ፤ ሥራ ጠላ»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ ዝለትን ሲተረጉም በሽታ ነው አላለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የማያቋርጥ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው አለ። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ውጤታማ አይደለሁም ብሎ ማመን። ምክንያቱ ሥራው ውስጥ ከሆነ «ጠንክር» እና «ስፖርት ሥራ» ብቻውን አያድነውም። አለቃ የሥራ ድርሻን ማስተካከል፣ የማታ መልእክትን ማቆም፣ ሰውን በሰው ፊት አለመዝለፍ ይችላል። አንዱም በጀት አይጠይቅም።

ብናገር እባረራለሁ የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም፤ ሐሜቱ ከባድ ነው። በ1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ አንዱ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ ሦስቱ ያለ ክፍያ። ሕጉ የሆድ ሕመም፣ የአእምሮ ሕመም ብሎ አይለይም።

እኔን ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የላከችኝ ሒሳብ የምታስተምር፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ባልደረባዬ ናት። አንድ ቀን እንደ ልማዴ «ደህና ነኝ» ስላት አላለፈችኝም። «አንተ ልጅ፣ እሱን ተወው። ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» አለችኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ተቀምጬ አለቀስኩ። በማግስቱ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜዬን እሷ ያዘችልኝና ሄድኩ።