ልጅዎ «ታሪክ ልማር» ካለች፦ ስለ ዲግሪ፣ ስለ ደመወዝና ስለ ዕዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ባለ የሐበሻ ቤት፣ ልጅ «ነርሲንግ ልገባ ነው» ስትል እልልታ ነው። «ታሪክ» ወይም «ፍልስፍና» ስትል ግን አባት ቴሌቪዥኑን ይቀንሳል። እነዚህን የመሰሉ ዘርፎች ናቸው «ሂውማኒቲስ» የሚባሉት። ስጋቱ ከመሬት አልተነሣም። የአሜሪካ ኮሌጅ ውድ ነው፣ ብድሩም ቀልድ አያውቅም። ችግሩ፣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በተሳሳተ መረጃ መሆኑ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«ሂውማኒቲስ የተማረ ሥራ አያገኝም»

የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የአዲስ ተመራቂዎችን ሁኔታ በትምህርት ዘርፍ እየለየ ያወጣል። በ2025 ባወጣው ሠንጠረዥ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች ሥራ አጥነት 6.1 በመቶ ነበር። የሥነ ጥበብ ታሪክ ደግሞ 3 በመቶ። ይህ ቁጥር በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዞር ሂውማኒቲስ ወዳዶች ጮቤ ረገጡ።

ቀስ ነው። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ሌላ ዓምድ አለ፤ ዲግሪ የማይጠይቅ ሥራ ላይ ያሉትን የሚቆጥር። በዚያኛው ኮምፒውተር ሳይንስ 16.5 በመቶ ሲሆን የሥነ ጥበብ ታሪክ 47 በመቶ ገደማ ነው። ካፌ ውስጥ ማኪያቶ የምትሠራ ተመራቂም «ሥራ ያላት» ተብላ ነው የምትቆጠረው። ስለዚህ የሚያሰጋው ሥራ ማጣት ሳይሆን ዝቅ ካለ ደመወዝ መነሣት ነው። ብድር ደግሞ የሚከፈለው በእነዚያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው።

«ተማሪዋ መቶ ሺህ ዶላር ዕዳ ተሸክማ ትወጣለች»

በራሷ ስም ከመንግሥት ብቻ ከተበደረች አትወጣም። በወላጅ ሥር ያለች ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት የምትበደረው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 7,500 ዶላር ነው። በአራት ዓመት 27,000። በ2025–26 የተማሪ ብድር ወለድ 6.39 በመቶ ነው። በዚህ ሂሳብ 27,000ውን በአሥር ዓመት ለመክፈል በወር 305 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ትምህርት ላይ እያለች የሚጠራቀም ወለድ ካለ ትንሽ ይጨምራል። ለአዲስ መምህርት ወይም ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይከብዳል፣ ግን ይቻላል።

ታዲያ ያ የሚያስፈራው መቶ ሺህ ከየት ይመጣል? አንዱ ከግል ባንክ ነው። ሌላው ከወላጅ ፊርማ ነው።

«ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሁሉ እርዳታ ነው»

በእኔ እምነት ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኮሌጁ ልጅዎን ሲቀበል የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ ይልካል። ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ላይ ግራንት (የማይመለስ ስጦታ)፣ ወርክ ስተዲ (ተማሪዋ ሠርታ የምታገኘው) እና ሎን (ብድር) አንድ ላይ ተደርድረው፣ ከታች አንድ ድምር ይቀመጣል። አንዳንዱም «ፓረንት ፕላስ» የሚባለውን እዚያው ውስጥ ይጨምረዋል። ድምሩ ሲታይ ደስ ይላል። እስክሪብቶ አንሡና የማይመለሰውን ብቻ ለይታችሁ ደምሩ።

ፓረንት ፕላስ የወላጅ ብድር ነው። ሲሰጥ የክሬዲት ታሪክዎን ያያል እንጂ «በወር ስንት ያገኛሉ? መክፈል ይችላሉ?» ብሎ አይጠይቅም። የ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ከአራት በመቶ በላይ ክፍያ ከመነሻው ይቆረጣል። ልጅቷ «እኔ እከፍላለሁ» ብትልም በሕግ ዕዳው የእርስዎ ነው።

ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ጣሪያ ተበጅቶለታል፦ ለአንድ ልጅ በዓመት 20,000፣ በጠቅላላው 65,000 ዶላር። ጣሪያው መልካም ነው። ግን 65,000 ዶላር በ8.94 በመቶ፣ በአሥር ዓመት ሲሰላ በወር 820 ዶላር ገደማ ነው። ጣሪያውን ባበጀው ሕግ መሠረት ከዚያ ቀን በኋላ የሚወሰድ የወላጅ ብድር በገቢ ልክ ወደሚከፈልባቸው ዕቅዶች አይገባም። በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ኡበር እየነዱ ለሚያድሩ አባት ይህ ጡረታን ማሸጋገር ነው። ሀገር ቤት የለመድነው ወጪ መጋራት ተመራቂው ራሱ ከደመወዙ የሚከፍለው ነው፤ ይሄኛው ሌላ ነገር ነው።

«የግል ኮሌጅ ለሀብታም ነው»

ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ዋጋና እርስዎ የሚከፍሉት ዋጋ ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሪንስተን ከ2001 ጀምሮ በድጋፉ ውስጥ ብድርን በግራንት ተክቷል። ሃርቫርድ በዓመት 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች የሚያገኝ፣ የተለመደ ዓይነት ንብረት ያለው ቤተሰብ ልጁን በነፃ እንዲያስተምር አድርጓል። እርግጥ ነው፣ እዚያ መግባት ሌላ ጣጣ ነው። ድጋፋቸው ቀጭን የሆነ መካከለኛ የግል ኮሌጆች ግን ሞልተዋል፤ እኔ የምፈራው እነሱን ነው። የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ (ከድጋፍ በኋላ የሚከፍሉትን የሚገምት) እንዲያስቀምጥ ሕግ ያስገድደዋል። ሩብ ሰዓት ይሰጡት። ኖቫን ወይም ሞንትጎመሪ ኮሌጅን በመሰለ የአካባቢ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም አለ። ታሪክ እዚያም ታሪክ ነው።

«አማካይ ደመወዙን ካወቅሁ በቂ ነው»

የሀገሪቱ አማካይ ስለ እርስዎ ልጅ ብዙም አይነግርዎትም። የትምህርት ሚኒስቴሩ «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። የኮሌጁን ስም፣ ከዚያ የትምህርት ዘርፉን ይጻፉ፤ የተመራቂዎቹን ገቢና ዕዳ ጎን ለጎን ያሳያል። ብዙ አማካሪዎች የሚሉት ጠቅላላ ዕዳው ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ አይብለጥ ነው። እኔ ለሂውማኒቲስ ግማሹ ላይ ባቆም እመርጣለሁ።

«ባይሆን ማስተርስ ትጨምርበታለች»

በብድር ከሆነ፣ አይሆንም። የዶክትሬት (ፒኤችዲ) ፕሮግራም ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ ለተማሪዋ ይከፍላል።

«ግድ ብለን ነርሲንግ ብናስገባት ይሻላል»

ብድር መክፈል ከሚያቅታቸው መካከል ብዙዎቹ ትልቅ ዕዳ ያለባቸው አይደሉም፤ ትንሽ ተበድረው ሳይመረቁ ያቋረጡ ናቸው። ደም ማየት የማትችል ልጅ በቤተሰብ ግፊት ነርሲንግ ገብታ በሁለተኛው ዓመት ብትወጣ፣ ዲግሪው ይቀራል፣ ብድሩ ግን አይቀርም። ካቋረጠች ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ክፍያ ይጠየቃል።