የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ መግቢያ ኮርስ ምንድን ነው? ለምንስ ቶሎ ያረጃል?

ሱቅ ገብታችሁ ዕቃ ገዛችሁ እንበል። በቴሌብር ከፈላችሁ። ስልካችሁ ላይ መከፈሉን ብታሳዩትም ባለሱቁ «ቆይ፣ ይግባልኝ» ይላል። የራሱ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪደርስ ዕቃውን አይለቅም።

ኢንፎርሜሽን ሲስተም ማለት ይሄ ነው። ስልኩና የኔትወርኩ መሣሪያ ሃርድዌር ነው። አፑ፣ ወይም ስማርት ስልክ የሌለው ሰው *127# ሲደውል የሚመልስለት ፕሮግራም፣ ሶፍትዌር ነው። የብሩ መጠን፣ ስሙና ሰዓቱ ዳታ ነው። እናንተና ባለሱቁ ሰዎቹ ናችሁ። «ካልገባልኝ አልሰጥም» የሚለው ደግሞ አሠራር ነው። ብዙ ሰው ሲስተም ሲባል ኮምፒውተሩ ብቻ ይመስለዋል። የሐሰት ስክሪንሾት ይዞ የመጣን አጭበርባሪ የሚያስቆመው ግን ማንም ያልጻፈው የባለሱቁ ደንብ ነው።

የመግቢያ ኮርሱ እነዚህ አምስት ነገሮች እንዴት እንደሚገጥሙ ያስተምራል። ተማሪዎቹ የዘርፉ ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። አካውንቲንግና ማኔጅመንት የሚያጠኑም ይወስዱታል።

ለማስተማር ግን ምሳሌ ያስፈልጋል፤ ምሳሌ ደግሞ ያረጃል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፍሎፒ ዲስክ 1.44 ሜጋባይት ይይዛል ብዬ ሸምድጃለሁ። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ አይገባበትም። ያንን ቁጥር ለመሸምደድ ያጠፋሁት ጊዜ አሁንም ይቆጨኛል።

ለዘርፉ ሞዴል ካሪኩለም፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎች እንደ መነሻ የሚጠቀሙበትን የትምህርት ዕቅድ፣ የሚያዘጋጁት ኤሲኤምና ኤአይኤስ የተባሉት የሙያ ማኅበራት ናቸው። እትሞቹ በፈረንጆቹ 1997፣ 2002፣ 2010 እና 2020 ተሰይመዋል። ክፍተቱን ቁጠሩት፤ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ አሥር። ቴክኖሎጂው እየፈጠነ ክለሳው እየዘገየ ሄዷል። አይፎን በ2007 ሲወጣ በሥራ ላይ የነበረው የ2002ቱ እትም ነው። ቻትጂፒቲም በ2022 መጨረሻ የመጣው የ2020ው ካለቀ በኋላ ነው። ባለሙያዎቹም ሐሳባቸውን ይቀይራሉ። የ2010ሩ ፕሮግራሚንግን ከግዴታ ኮርሶች አወጣ፣ የ2020ው መልሶ አስገባው። ስለዚህ አስተማሪው አዲስ እትም እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም።

እኛም ጋ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚወስዱት የኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ (አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች) ኮርስ መጥቷል። ዳታ ሳይንስ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ አይኦቲ (ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ዕቃዎች)፣ ኦግመንትድ ሪያሊቲ (በምናየው ነገር ላይ የኮምፒውተር ምስል መደረብ) እያለ በየምዕራፉ ያስተዋውቃል። የሥነ ምግባር ምዕራፍም አለው፤ ይሄ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በቴክኖሎጂ ስም የተከፋፈለ ኮርስ ስሞቹ ሲያረጁ አብሮ ያረጃል። ተማሪውም ትርጉም ሸምድዶ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እኔ ፍሎፒውን እንደሸመደድኩት።

እኔ ብሆን የመግቢያ ኮርሱን አጽም፣ ማለትም አምስቱን ነገሮች፣ ሳልነካ ተማሪዎቹ የሚሠሩትን ሥራ እቀይራለሁ። ለተማሪዎቹ የአንድ ሱቅ የዱቤ መዝገብ በኤክሴል እሰጣቸዋለሁ። መዝገቡ ውስጥ አንዱ ደንበኛ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» ተብሎ ተጽፏል። ለኛ ሲነበብ አንድ ነው። ለኤክሴል ግን ሦስት ሰው ነው፤ ዕዳውም ሦስት ቦታ ይከፋፈላል። የሆሄ ጣጣ ያለበት ዳታ ከውጭ በመጣ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። የኛ ተማሪ ግን ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘዋል።

ቀጥሎ «ማን ስንት ዕዳ አለበት?» ብለው ቻትጂፒቲን ይጠይቁ። ሦስቱን ስም አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ላያደርግም ይችላል። አንድ ካደረጋቸው ማን ፈቀደለት? የአንዱ ኃይሉ ዕዳ ሌላ ኃይሉ ላይ ቢወድቅስ? እዚህ ጋ ክፍሉ መጨቃጨቅ አለበት። አንዱ የአባት ስም ይጨመር ይላል። ሌላው የአባት ስምም ያው የፊደል ችግር አለበት ይላል። ቆይቶ አንዷ ከየስሙ ጎን ስልክ ቁጥር ይጻፍ ትላለች። ያኔ ቾኩን አንስቼ ሰሌዳው ላይ «ፕራይመሪ ኪይ» ብዬ እጽፋለሁ፤ አንዱን ሰው ከሌላው የሚለይ፣ የማይደገም መለያ ማለት ነው።