ፓራለል ሰርኪዩት ምንድን ነው?

የሞዴል ቤት ፕሮጀክት የታዘዘ ግሩፕ ከሩቁ ይታወቃል። ፎምና ኮላ ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ሽቦና ትንንሽ አምፖል ከመርካቶ፣ ካርቶን ደግሞ ከቤት። ከአባላቱ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ "እኔ ብር አዋጣለሁ" ይላል፣ የቀሩት ማታ ደውለው "ስሜን እንዳትረሱ" ይላሉ። ጣሪያው ቀለም ይቀባል፣ ግቢው ላይ አረንጓዴ ሣር ይለጠፋል፣ አንዳንዱማ የውሻ ቤት ሁሉ ይጨምራል። ከዚያ መምህሩ ይመጡና "እስቲ የሳሎኑን አጥፍታችሁ የመኝታ ቤቱን ብቻ አብሩልኝ" ይላሉ። ሁሉም ይተያያል።

እዚህ ጋ ነው ፓራለል የሚያስፈልገው። ፓራለል ሰርኪዩት ማለት እያንዳንዱ አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ወደ ኔጌቲቩ የሚመለስ የራሱ መንገድ ያለው የሽቦ አዘረጋግ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ጉዳዩም አይደለም። ሲሪየስ የሚባለው ደግሞ አምፖሎቹ አንድ ሽቦ ላይ ተራ በተራ የተያያዙበት ነው፤ ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ አንድ ቦታ ከተቆረጠ ሁሉም ይጨልማል። የድሮዎቹን የገና ዛፍ መብራቶች ያየ ያውቀዋል። አንዷ ፍሬ ስትቃጠል ገመዱ በሙሉ ይጠፋል፣ የትኛዋ እንደሆነች ለማግኘትም አንድ በአንድ እየነቀሉ መሞከር ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከባትሪው ሁለት ዋና ሽቦዎች አውጡ፣ አንድ ቀይ አንድ ጥቁር፣ ከጣሪያው በታች ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ዘርጓቸው። ግን እንዳይነካኩ። ከዚያ የየክፍሉን አምፖል አንድ እግር ከቀዩ ሌላውን ከጥቁሩ ጋር አገናኙ። አለቀ፣ ፓራለል ይኸው ነው።

ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። ማብሪያው የሚገባው በቀዩ ዋና ሽቦና በዚያ ክፍል አምፖል መካከል ነው። ማለትም አምፖሎቹ እርስ በርስ ፓራለል ናቸው፣ እያንዳንዱ ማብሪያ ግን ከራሱ አምፖል ጋር ሲሪየስ ነው። ባትሪው አጠገብ ዋናው ሽቦ ላይ ከገባ ቤቱን በሙሉ ያጠፋል፣ ያ ማብሪያ ሳይሆን የቆጣሪው ብሬከር ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማብሪያውን ከአምፖሉ ጎን በቀይና በጥቁሩ መሀል መሰካት ነው። ስትጫኑት መብራቱ ይጠፋል፣ ሽቦውና ባትሪው መጋል ይጀምራሉ። ኮንታክት የምንለው እሱ ነው፤ ከረንቱ አምፖሉን ትቶ ምንም በማይከለክለው ሽቦ በኩል ተመለሰ።

ቮልቴጁም ይለያያል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ተከታትለው ሲገቡ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ሦስት ተመሳሳይ የእጅ ባትሪ አምፖሎችን በፓራለል ካያያዛችሁ እያንዳንዱ ሙሉውን 3 ቮልት ያገኛል፣ በሲሪየስ ከሆነ ግን ያቺው 3 ቮልት ለሦስት ትከፈላለች፣ የየድርሻቸው 1 ቮልት ብቻ ነው። ክሩ ቀላ ብሎ ቢታይ ነው። ኤልኢዲ (ክር የሌላት ትንሿ መብራት) ሲሆን ይብሳል። ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሁለቱን በሲሪየስ አድርጋችሁ 3 ቮልት ብትሰጧቸው መደብዘዝም የለም፣ ጭራሽ አይበሩም። "የተቃጠለ ሸጠልን" ብላችሁ ከሻጩ ጋር ልትጣሉ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ይህን እዩ። ረጅሙ እግር ወደ ፖዘቲቭ መሆኑንም እዩ፤ ከተገለበጠ አይበራም።

ባለ 9 ቮልቷን አራት ማዕዘን ባትሪ ከተጠቀማችሁ ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንቱን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ግድ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከ9 ላይ ኤልኢዲው የሚወስደውን 3 ስትቀንሱ 6 ቮልት ይተርፋል፣ ያንን ኤልኢዲው ለሚፈልገው ከረንት፣ ለ0.02 አምፒር (20 ሚሊአምፒር)፣ ስታካፍሉ 300 ኦም ይመጣል። ገበያ ላይ በብዛት ያለው 330 ነው፣ እሱም ይሠራል። ለሁሉም አምፖል አንድ ሬዚስተር ሳይሆን ለእያንዳንዱ የራሱ ይሁንለት፣ ምክንያቱም ኤልኢዲዎች ትንሽ ትንሽ ስለሚለያዩ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል።

ሰው የሚኖርበት ቤትም የሚዘረጋው እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት የአሜሪካ ጎዳናዎችን ያበሩ ከነበሩት አርክ መብራቶች (በሁለት የካርቦን ዘንጎች መሀል በሚዘል ኤሌክትሪክ የሚበሩት) ብዙዎቹ በሲሪየስ የተያያዙ ነበሩ፤ ለጎዳና ችግር የለውም፣ ማታ አብረው ይበራሉ፣ ጠዋት አብረው ይጠፋሉ። ቤት ውስጥ ግን አንዱ ሊተኛ ሌላው ሊያጠና ይፈልጋል። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ፐርል ስትሪት ላይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያውን ሲከፍት ለደንበኞቹ ያከፋፈለው በፓራለል ነበር። ለዚህም ሲል ነው ክሩ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያለው፣ ማለትም ከረንትን አጥብቆ የሚገታ አምፖል የፈለገው፤ እያንዳንዱ አምፖል ትንሽ ከረንት ከወሰደ የመዳብ ሽቦው እንደ ክንድ መወፈር የለበትም።

ምክንያቱም ፓራለል ዕዳ አለው። አምፖል በጨመራችሁ ቁጥር የነበሩት ድምቀታቸው እምብዛም አይቀንስም፣ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት ግን ይደመራል። አራት ኤልኢዲ እያንዳንዳቸው 20 ሚሊአምፒር ቢወስዱ ዋናው ሽቦ ላይ 80 ይሄዳል። እቤታችሁም ያው ነው። 3500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል፣ 2000 ዋት የውሃ ማፍያ ስትጨምሩበት 25 ይደርሳል። ዲቫይደር ላይ የተሰካው ሁሉ ፓራለል ስለሆነ ድምሩ የሚያልፈው በዚያች በአንዷ ቀጭን ገመድ ነው። እናታችሁ "ምጣዱን ዲቫይደር ላይ እንዳትሰኩ" ሲሉ ፊዚክስ እየተናገሩ ነው።

በነገራችን ላይ የተዘጋጀ ሞዴል ገዝቶ ስም የሚለጥፍ ግሩፕም አለ፣ በመልኩ ብቻ ማርክ የሚሰጥ መምህርም አይጠፋም። እኔ ብሆን ጣሪያው የተንጋደደ፣ ኮላው የተዝረከረከ፣ ግን የየክፍሉ መብራት ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ ቤት ላመጣው ግሩፕ ሙሉ ማርክ እሰጥ ነበር። ፎም መቁረጥማ ሁሉም ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ፦ "ባትሪ ከምንገዛ ግድግዳው ሶኬት ላይ እንሰካው" የሚል የግሩፕ አባል ከመጣ እሺ እንዳትሉት። በካርቶን መሀል የተላጠ ሽቦ ላይ 220 ቮልት ማስገባት እሳት መጥራት ነው፣ ለሚነካው ሰው ደግሞ ሞት ሊሆን ይችላል። ብር ካጠረ የባትሪ ድንጋዩን ያ "አዋጣለሁ" ያለው ልጅ ይግዛ።