ስልክ ላይ ኮፒ፣ ኮምፒውተር ላይ ፔስት

ስልክህ ላይ ያገኘኸውን ሊንክ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ፈለግህ እንበል። ምን ታደርጋለህ? የማውቃቸው ሰዎች መልሳቸው አንድ ነው፤ ቴሌግራም ገብተው ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ይለጥፉታል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቴሌግራም ከፍተው እንደገና ኮፒ ያደርጉታል። ለራስ ደብዳቤ መላክ ማለት ነው። ይሠራል። ግን ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ መንገዶችም አሉ፤ ዋናው ልዩነታቸው ደግሞ ጽሑፉ በየት በኩል ዞሮ ይደርሳል የሚለው ነው።

ኮፒ ያደረግነው ነገር የሚቀመጠው ክሊፕቦርድ በሚባል ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። በተለምዶ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ኮፒ ስታደርግ የበፊቱ ድራሹ ይጠፋል። ኮፒ ፔስትን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያበጁት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ካሊፎርኒያ በሚገኘው ዜሮክስ ፓርክ በተባለ የምርምር ማዕከል ጂፕሲ የተባለ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲሠሩ። ስልክ ላይ ግን ነገሩ ዘገየ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎን ኮፒ ፔስት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የመጣለት በ2009 ነው። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ ስልክ ቁጥር በእጅ እየገለበጡ መጻፍ!

ሁለቱን ዕቃ በማገናኘት በኩል ብዙ ሳያስቸግር የሚሠራው የአፕል መንገድ ነው። በ2016 ከአይፎኑ ሶፍትዌር አይኦኤስ 10 እና ከአፕል ኮምፒውተር (ማክ) ሶፍትዌር ሲየራ ጋር የመጣ ነው። አይፎኑና ማኩ በአንድ የአፕል አካውንት ከተከፈቱ፣ ብሉቱዝና ዋይፋያቸው ከበራና ጎን ለጎን ካሉ በቃ፣ እዚህ ኮፒ፣ እዚያ ፔስት። ምስልም ይሄዳል። ችግሩ አይፎን ይዘህ ኮምፒውተርህ ዊንዶውስ ከሆነ አይመለከትህም።

ዊንዶውስ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ፣ አንዴ ካበራኸው፣ የክሊፕቦርድ ታሪክ ያስቀምጣል። የዊንዶውስ ቁልፍን ከቪ ጋር ስትጫን እስከ 25 የሚደርሱ የቅርብ ጊዜ ኮፒዎችህ ይመጣሉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል። ሴቲንግ ገብተህ ማመሳሰሉን ካበራኸው በማይክሮሶፍት አካውንትህ በኩል ወደ ሌላ ዕቃህም ይሻገራል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ይህን የሚቀበለው ስዊፍትኪ የተባለው ኪቦርድ ነው። እና የለመድከውን የአማርኛ ኪቦርድ ትተህ ወደዚያ መሄድ ሊኖርብህ ነው፣ እኔ ለምሳሌ ለአንድ ፔስት ብዬ አላደርገውም።

ለእኛ አገር ሁኔታ የሚሻለው በእኔ ግምት ኬዲኢ ኮኔክት ነው። ከ2013 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስም ዊንዶውስም ላይ ይሠራል። ስልኩና ኮምፒውተሩ አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉ ጽሑፉ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ውስጥ አይገባም። ኔት ቢቋረጥ ግድ የለውም። የስልክህን ሆትስፖት ከፍተህ ላፕቶፑን ካገናኘኸውም ይሆናል፤ ለሚሻገረው ጽሑፍ ከጥቅልህ ላይ የሚቆረጥ ነገር የለም። አንድ የሚያናድድ ነገር ግን አለው፤ ከኮምፒውተር ወደ ስልክ በራሱ ሲመጣ፣ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ሲሆን ኖቲፊኬሽኑ ላይ ላክ የሚለውን መጫን አለብህ።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። አንድሮይድ 10 በ2019 ሲወጣ ከጀርባ የሚሠሩ አፖች ክሊፕቦርድ እንዳያነቡ ተከለከሉ። ምክንያቱም ሰው የማይገለብጠው ነገር የለም፤ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ በኤስኤምኤስ የመጣ የማረጋገጫ ኮድ። በ2020 አይኦኤስ 14 አንድ አፕ የገለበጥከውን ሲያነብ ማሳወቅ ሲጀምር ቲክቶክን ጨምሮ ስንቱ ሳይጠየቅ ሲያይ ተያዘ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኮፒ ያደረግከውን የክሪፕቶ አድራሻ በሌባው አድራሻ የሚቀይር ቫይረስ አለ፤ አንተ ፔስት አድርገህ ትልካለህ፣ ገንዘቡ ሌላ ቤት ይገባል።

ወደ ቴሌግራም ስንመለስ፣ ሴቭድ ሜሴጅ የሚቀመጠው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው፤ ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘልቅ፣ ድርጅቱ ራሱ እንኳ እንዳያነበው የሚያደርግ ምስጠራ የለውም። ዋትስአፕ በ2022 ያመጣው ለራስ የመላኪያ መንገድ ያ ምስጠራ አለው። የእኛ ሰው ትልቁ አደጋ ግን ከሰርቨሩ ይልቅ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ኮምፒውተር ይመስለኛል። ሲቪ ለማተም ቴሌግራም ዌብ እንከፍታለን፣ ወረቀታችንን ይዘን እብስ። እኔም አንድ ጊዜ ትቼው ወጥቼ ማታ ቤት ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ። ደግነቱ ስልክህ ላይ ሴቲንግ ገብተህ ዲቫይስስ የሚለውን ስትነካ የተከፈተበት ዕቃ ሁሉ ይታያል፣ ከዚያው ሆነህ ትዘጋዋለህ።

ሁሉም በትክክል ተሠርቶ ደግሞ ጽሑፉ ተዘበራርቆ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ከመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አንድ የቆየ የአማርኛ ደብዳቤ ኮፒ አድርገህ ስልክህ ላይ ስትለጥፈው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ የተደባለቀበት ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው ስልኩን ይጠረጥራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ሀ ሁ ሂን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በእነሱ ሲጻፍ ቆየ። ኮፒ ሲደረግ የሚሄደው ኮዱ እንጂ መልኩ አይደለም፣ ስልኩ ደግሞ ያ ፎንት የለውም። ፒዲኤፍ ከሆነ ፎንቱ አብሮት ስለሚሄድ ስታየው ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ከውስጡ አንድ መስመር ኮፒ ስታደርግ ግን ያው ዝብርቅርቁ ይወጣል። ስለዚህ ወይ መጀመሪያ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ትለውጠዋለህ፣ ወይ ደግሞ ፎቶ አንስተህ ትገላገላለህ።