የሻንሲ ቁጥር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ለሽያጭ በቀረበ የቮልስዋገን አማሮክ ፒካፕ ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ «ሻንሲው ተነክቷል፣ አትግዙ» ብሎ ፈረደ። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ባገኘው መፈተሻ ሲያስገባው «ልክ ያልሆነ ቁጥር» አለው፤ በቃ። እንዲህ ያለው ፍርድ በዝቷል፤ ከውጭ ብርቅ ፒካፕ ያስመጣ ሰው ሁሉ ሌባ ሊባል ምንም አልቀረው።

የሻንሲ ቁጥር መኪናው ሲሠራ ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናውን በተሸከመው ብረት ላይ፣ የሚመታ መለያ ነው። ከሞተር ቁጥር ይለያል፤ ሞተር ይቀየራል፣ ሊብሬ ላይም ለብቻው ይጻፋል። የልደት ምስክር ወረቀት አድርጎ የሚያነበውም ሰው ይሳሳታል። ይልቅ የክርስትና ስም በሉት። ታርጋው፣ ቀለሙ፣ ባለቤቱ ይለዋወጣል፤ ክርስትና ስሙ ግን ያው ነው፣ ጉምሩክም መንገድ ትራንስፖርትም የሚጠሩት በእሱ ነው። ታዲያ ወልደ ጊዮርጊስ የተባለ ሁሉ በ23 ተወልዷል? ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው ክርስትና የሚነሡት፤ ስሙን የሚያወጣውም ካህኑ ነው። ከስሙ ተነሥቶ የልደት ቀን የሚያሰላ ሰው አንዳንዴ ይገጥምለታል፣ አንዳንዴ ይስታል። ንጽጽሩ የሚፈርስበትም ቦታ አለ፤ በአንድ ደብር አሥር ወልደ ጊዮርጊስ ቢኖር ማንም አይደነቅም፣ ሁለት መኪና አንድ የሻንሲ ቁጥር ከያዙ ግን ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

በዛሬው ደረጃ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 አምራቹን ይናገራሉ፤ ታይላንድ የተሠራ ሃይሉክስ በኤም አር ዜሮ፣ ደቡብ አፍሪካ የተሠራው በኤ ኤች ቲ ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ጠብ የለም። መንገዱ የሚለያየው 9ኛውና 10ኛው ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ 9ኛው ከሌሎቹ 16 ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፣ 10ኛው የሞዴል ዓመት ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ ግዴታ የለም። ጀርመን ሃኖቨር የተሠራ አማሮክ ደብሊው ቪ አንድ ብሎ ጀምሮ ሦስት ዜድ ያስከትላል፤ 9ኛውም ዜድ ነው። ዜዶቹ ቦታ መሙያ ናቸው። ለአሜሪካ መኪና የተሠራ መፈተሻ ዜድ ባለበት ስሌቱ አይገጥምለትምና «ልክ ያልሆነ» ይላል። ጌታው፣ ሚዛኑ የሌላ ገበያ ነው! አሮጌው ኤፍ ጄ 45 ላንድክሩዘር ፒካፕማ 17 እንኳ አይሞላም፤ የሞዴል መለያ፣ ሰረዝ፣ ተራ ቁጥር፣ አለቀ።

ዓመቱ ደግሞ ገንዘብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ኤክሳይዝ ታክስ ከዕድሜው ጋር ይጨምራልና «10ኛው ስምንት ስለሆነ 2008 ነው» ብሎ መደምደም ያስከፍላል። አሜሪካ ውስጥ የሞዴል ዓመት ከምርት ዓመት በአንድ ሊበልጥ ይችላል፤ በጥቅምት 2000 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2007) ከፋብሪካ የወጣ መኪና በፈረንጅ አቆጣጠር 2008 ሞዴል ሊባል ይችላል። ያንን 2008 ዓመተ ምሕረት አድርጎ የሚያነብ ደላላ ሲጨመርበት መኪናው በአንድ ቀን ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። የምርት ቀን ከአምራቹ ሰነድና ከላኪው አገር የምዝገባ ወረቀት ይጠየቅ። (ሳይጠየቅም ልጨምር፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ የእናንተ ፒካፕ በየትኛው ምድብ እንደሚያርፍ ገንዘብ ሳትልኩ ጠይቁ። መሪው በቀኝ ከሆነማ አትድከሙ።)

ምዝገባ ላይ ሰው የሚያለቅሰው ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአንዲት ፊደል ነው። ኢንቮይሱ፣ የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ) እና ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። 8 ከቢ ጋር፣ 5 ከኤስ ጋር፣ 2 ከዜድ ጋር ይምታታል። በ17ቱ ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉ ፊደሎች ጨርሶ አይገቡም፤ ኦ የመሰላችሁ ዜሮ ነው፣ አይ የመሰላችሁ 1 ነው። ስሕተቱን መርከቡ ጅቡቲ ሳይደርስ በላኪው በኩል ማሳረም ይቀላል። ዲክላራሲዮን ከወጣ በኋላ ግን ጉምሩክ ካላረመው በቀር ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሊብሬ ልታወጡ ስትሄዱ ወደ መጣችሁበት ትመለሳላችሁ።

ቁጥሩን ከበሩ ጥግ ወይም ከመስታወቱ ሥር ካለው ሰሌዳ ብቻ አትቅዱ፤ ሰሌዳ ይነቀላል። ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ላይ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ በሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጭቃውን በውኃ፣ ቅባቱን በናፍጣ፣ ዝገቱን በእጅ ሽቦ ብሩሽ አስለቅቁ። ከዚያ ስስ ወረቀት ለጥፋችሁ እርሳሱን አጋድማችሁ ፈትጉት፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። መፍጫ ማሽን አታስነኩት፤ የተፈጨ ቁጥር በንጹሕ እጅም ቢሆን የተፋቀ ይመስላል። ከጎሐ ጽዮን ደጀን የዓባይን በረሃ ከልክ በላይ ጭኖ የሚመላለስ ፒካፕ ሻንሲው ሲሰነጠቅ በያጁ ብረት ይደርብበታል፤ ድርቡ ቁጥሩን እንዳይሸፍን ሥራው ሳይጀመር ቦታውን በጠመኔ ከብቡለት።