«ጥቅሱ ለጌጥ ነው» እና ሌሎች የሼል ተረቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባዬ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ባሽ ተበላሽቷል» አለኝ፤ ባሽ ማለት የምንጽፍለትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም፣ ሼል ነው። ባሽ አልተበላሸም። $(…) ውስጥ የገባ ትእዛዝ መጀመሪያ ይሠራል፣ ያተመው ጽሑፍ ደግሞ በቦታው ይተካል። በቃ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«$(…) ዙሪያ ያለው የጥቅስ ምልክት (" ") ለጌጥ ነው።» ይሄን ስሰማ ጨጓራዬ ይላጣል። ጥቅስ ከሌለ ሼሉ የመጣለትን ጽሑፍ በክፍት ቦታ፣ በታብና በአዲስ መስመር ይበጣጥሰዋል። ኮከብ ምልክት ካገኘም በፋይል ስሞች ይተካዋል። ውጤቱ ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ ስም) ውስጥ ሲቀመጥ ግን አይበጣጠስም። ሰዉ እዚያ ጋ ሠራልኝ ብሎ ሌላ ቦታም ያለ ጥቅስ ይለቀዋል።

የባልደረባዬ ሉፕ (ድግግሞሽ) የፋይል ስሞችን በሚዘረዝረው ትእዛዝ፣ በ$(ኤልኤስ) (ls) ላይ ነበር የሚዞረው። «የመጋቢት ደሞዝ» የሚባል ፋይል አለው። ሉፑ «የመጋቢት» ብሎ ፈለገ፤ የለም። «ደሞዝ» ብሎ ፈለገ፤ የለም። (ደሞዝማ መቼ ተገኝቶ!) እዚህ ጋ ጥቅስም አያድንም፤ ሁሉንም ስም አንድ ላይ ይጠቀልለዋል። ኤልኤስን ትቶ * ብቻ መጻፍ ነው።

እኔስ? ጀማሪ ሳለሁ የሚጠፋውን ፎልደር ስም ከፋይል አስነብቤ ለአጥፊው ትእዛዝ፣ ለአርኤም (rm) ሰጠሁት። ስሙ «ሪፖርት አሮጌ» ነው። ጥቅስ የለም። አጠገቡ «ሪፖርት» የሚባል ሌላ ፎልደር አለ። አሮጌው ተረፈ፣ አዲሱ ሄደ። ስለ ባክአፕ አትጠይቁኝ።

ወደ እኔ ከመምጣታችሁ በፊት እባካችሁ ስክሪፕቱ አናት ላይ «ሴት -ኤክስ» (set -x) የሚለውን ትእዛዝ ጨምሩ። ሼሉ ከተካ በኋላ መስመሩ ምን እንደሆነ ራሱ ያሳያችኋል።

«የውስጡ ጥቅስ የውጭውን ይዘጋል።» በ$(…) አይዘጋም፤ ውስጡ ጥቅስ እንደ አዲስ ይጀምራል። ራስ ምታቱ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው የቦርን ሼል የወረስነው ባክቲክ (`…`)፣ የ$(…) የድሮ አጻጻፍ ነው። አንዱን በሌላው ውስጥ ለመክተት \ መደርደር ነው። ተዉት።

«ነጠላና ድርብ ጥቅስ አንድ ነው።» በነጠላ ውስጥ ምንም አይተካም።

«ባዶ ከመለሰ ትእዛዙ ምንም አላለም።» ብሎ ይሆናል፣ ግን የስህተት መልእክት በሚወጣበት ሌላ መንገድ (stderr) በኩል። እሱንም ለመያዝ ውስጡ 2>&1 ጨምሩ።

«ውስጡ ሲዲ (cd፣ ፎልደር መቀየሪያው) ካልኩ ፎልደሩ ይቀየራል።» $(…) የሚሠራው በንዑስ ሼል፣ ማለትም በተለየ የሼሉ ቅጂ ነው፤ እዚያ የተቀየረው እዚያው ይቀራል።

«ትእዛዙ ቢወድቅ $? (የመጨረሻው ትእዛዝ የመውጫ ቁጥር) ይነግረኛል።» ፋንክሽን ውስጥ ቫሪያብል የሚያውጀውን ሎካልን (local) እና $(…)ን በአንድ መስመር ከጻፋችሁ $? የሚያወራው ስለ ሎካል ነው። ሎካል ደግሞ ሥራውን ጨርሷል፤ ዜሮ (ተሳክቷል) ይላችኋል። ሁለት መስመር አድርጉት።

«ተርሚናል ላይ ከሠራ ክሮን ላይም ይሠራል።» ክሮን ትእዛዝን በሰዓቱ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው፤ ዝርዝሩ የሚጻፍበት ክሮንታብ %ን እንደ አዲስ መስመር ነው የሚያየው። ቀን የሚያወጣ $(ዴት …) ካላችሁ ከእያንዳንዱ % ፊት \ አስገቡ።