የሃርቫርድ ምርቃትና ተናጋሪዎቹ፦ ከጄነራል ማርሻል እስከ አዲስ አበባው ልጅ

በአማርኛ «ምርቃት» ሲባል አንድም ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የሚሰጠው ቡራኬ ነው፣ አንድም ተማሪ ጋዋኑን ለብሶ ዲግሪውን የሚቀበልበት ቀን ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው በጣም ደስ ይለኛል። የምረቃ ቀን የክብር እንግዳም ሥራው ይኸው ነው፤ ልጆቹን ባርኮ መሸኘት። አሜሪካ ባለው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ግን ከቡራኬ ይልቅ ተግሣጽ ይዘው የወጡም ነበሩ። የአህጉር ዕጣ የቀየረ ሐሳብ በጥቂት ደቂቃ ተናግረው የወረዱም አሉ።

ስለነዚህ ንግግሮች በአማርኛ አንድ ላይ የተሰበሰበ ነገር አላገኘሁም። ተቆራርጠው ፌስቡክ ላይ የሚዞሩ ጥቅሶች ሞልተዋል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተናገረው ግን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ የያዝኩትን ያህል እዚህ አስቀምጣለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑ እንዴት ይውላል

ሃርቫርድ የሚገኘው ከቦስተን ወንዝ ማዶ፣ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ ነው። ካምብሪጅ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አስተዳደሩ አንዳንድ ማስታወቂያዎቹን በአማርኛም ያወጣል። ምርቃቱ አሁን አሁን የሚውለው ሜይ መጨረሻ ላይ ሐሙስ ቀን ነው። ቦታው ዋናው ግቢ ውስጥ፣ በዋይድነር ቤተ መጻሕፍትና በመታሰቢያው ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለው ሜዳ ነው። ከ30,000 በላይ ሰው እዚያ ይቀመጣል። ድንኳን የለም። ዝናብ ከመጣ ሰዉ ላስቲክ ደርቦ ያዳምጣል እንጂ ፕሮግራሙ አይቋረጥም።

ሥነ ሥርዓቱን የሚከፍተው የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አይደለም። የሚድልሴክስ አውራጃ ሸሪፍ ወደ መድረኩ ይወጣል፣ በትሩን ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ይመታል፣ ጉባኤው ጸጥ እንዲል ያዛል። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ የሚቀመጠው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዚህ ቀን በሚወጣ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ወንበር ላይ ነው፤ አይመችም ይላሉ የተቀመጡበት። ከዚያ ሦስት ተማሪዎች ይናገራሉ፤ አንዱ በላቲን። ተመራቂዎቹ የንግግሩ ትርጉም በወረቀት ስለሚታደላቸው ቀልዱ ጋ ሲደርስ እኩል ይስቃሉ። ወላጅም ልጁ ላቲን የቻለ መስሎት በኩራት ያየዋል። የተመራቂ ስም አንድ በአንድ አይጠራም፤ ዲግሪው በየትምህርት ክፍሉ በጅምላ ይታወጅና ወረቀቱን በኋላ በየቤታቸው፣ በየትምህርት ቤታቸው ሄደው ይቀበላሉ።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ለረጅም ዘመን ዋናው እንግዳ የሚናገረው ጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ነበር። ወደ ጠዋቱ ፕሮግራም የመጣው በቅርብ ዓመታት ነው። ከዚህ ሌላ በዋዜማው «የክፍሉ ቀን» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የዚያን ቀን እንግዳ የሚጋብዙት ራሳቸው ተመራቂዎቹ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ «ሃርቫርድ ምርቃት ላይ የተናገረው» ተብሎ ከሚዞረው ብዙው የዋዜማው ነው።

የድሮው ዘመን

የመጀመሪያው ምርቃት በ1642 ተደረገ። ተመራቂዎቹ 9 ነበሩ። በዚያን ዘመን የውጭ እንግዳ የሚባል ነገር የለም፤ ራሳቸው ተማሪዎቹ በላቲን ይናገሩና ይከራከሩ ነበር።

የተግሣጹ ታሪክ በደንብ የሚጀምረው በ1838 ነው። የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች፣ 6 ልጆች ብቻ፣ አሜሪካዊውን ደራሲና አሳቢ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰንን ጠሩት። እሱም የጊዜው ሃይማኖት ደርቋል፣ ተአምር ከመቁጠር የራስን ነፍስ ማዳመጥ ይሻላል ብሎ ተናገረ። መምህራኑ ተቆጡ። ወደ 30 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሃርቫርድ ደግሞ አልጋበዘውም። በ1866 ግን ያው ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ጁን 5፣ 1947

ሃርቫርድ ከሁሉም በላይ የሚኮራበት ንግግር ይኸኛው ነው፤ እውነትም ያኮራል። ጄነራል ጆርጅ ማርሻል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ኤታማዦር ሹም ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው የክብር ዲግሪ ሊሰጣቸው ከዚያ በፊት ቢጠራቸውም አልተመቻቸውም። በ1947 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ እሺ አሉ። ያውም ጥቂት የምስጋና ቃል፣ ምናልባትም ትንሽ ጨመር አድርጌ እናገራለሁ ነበር ያሉት።

በዚያ ዓመት አብረዋቸው የተከበሩት ሰዎች ዝርዝር ራሱ ይገርማል፦ ገጣሚው ቲ.ኤስ. ኤልየት፣ የአቶሚክ ቦምቡ ሳይንቲስት ሮበርት ኦፐንሃይመር፣ ጄነራል ኦማር ብራድሊ። በዚያ ሁሉ ባለቀለም ካባ መካከል ማርሻል ግራጫ ሱፍ ልብስ ነበር የለበሱት። ከሰዓት በኋላ ተነስተው ከወረቀት ላይ አነበቡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቀናም ብለው ብዙ አላዩም። ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። የአውሮፓ ገበሬ ምርቱን ለከተማው እንደማይሸጥ፣ ምክንያቱም ከተማው የሚገዛው ዕቃ እንደሌለው፣ ይኼ ካልተፈታ ሁሉም ነገር እንደሚፈርስ አስረዱ። ፖሊሲያችን በማንም አገር ወይም ርዕዮተ ዓለም ላይ ሳይሆን በረሃብ፣ በድህነት፣ በተስፋ መቁረጥና በሥርዓት አልበኝነት ላይ ያነጣጠረ ነው አሉ። ዕቅዱን ግን አውሮፓውያን ራሳቸው ያውጡት፣ እኛ እናግዛለን ብለው ጨረሱ።

ከተቀመጡት ብዙዎቹ ምን እንደሰሙ ወዲያው አልገባቸውም ይባላል። የገባቸው ለንደን ያሉት የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኧርነስት ቤቪን ናቸው። ቢቢሲ ሲዘግበው አልጋቸው አጠገብ ባለ ሬዲዮ ሰምተው በማግሥቱ ሥራ ጀመሩ ተብሎ ይተረካል። ውጤቱ በ4 ዓመት ውስጥ ወደ 13 ቢሊዮን ዶላር፣ ለ16 አገሮች። ይኼ ነው ማርሻል ፕላን የሚባለው።

«ማርሻል ፕላን ሃርቫርድ ተወለደ» የሚለው ትንሽ ያከራክራል። ተመሳሳይ ሐሳብ ከአንድ ወር በፊት ምክትላቸው ዲን አቺሰን ሚሲሲፒ ላይ ተናግረውት ነበር። ንግግሩን ያረቀቁትም የመሥሪያ ቤቱ ባለሥልጣን ቻርልስ ቦለን ናቸው፤ መነሻቸውም ባልደረቦቻቸው ጆርጅ ኬናንና ዊል ክሌይተን የጻፏቸው ማስታወሻዎች ነበሩ። ቢሆንም ዓለም የሰማው ከዚያ ሜዳ ነው፤ ስለዚህ ልደቱ እዚያ ነው ቢባል እኔ አልቃወምም።

ከምርቃት ውጭ የተሰጡ ሁለት ክብሮችን እዚህ ጋ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሰው ከምርቃቱ ጋር ይቀላቅላቸዋልና። ቸርችል በሴፕቴምበር 1943 ለብቻቸው በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት የክብር ዲግሪ ተቀብለው «የመጪው ዘመን ግዛቶች የአእምሮ ግዛቶች ናቸው» ብለዋል። በ1998 ደግሞ ማንዴላ እንዲሁ ተከበሩ። በሃርቫርድ ታሪክ ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ እንዲህ የተደረገው ከነሱ በፊት ለጆርጅ ዋሽንግተን ነው፣ በ1776። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱ ሰው መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ባዶ የቀረው ቦታና ዝናቡ

በ1968 ተመራቂዎቹ ለዋዜማው ፕሮግራም የጠሩት ማርቲን ሉተር ኪንግን ነበር። ኤፕሪል 4 ሜምፊስ ላይ ተገደለ። ጁን ላይ በሱ ቦታ የቆሙት ባለቤቱ ኮረታ ስኮት ኪንግ ናቸው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት፣ አራት ልጅ ይዛ፣ የሰው ልጆችን ለመመረቅ መምጣቷን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ተማሪዎች የውጭ እንግዳ በዋዜማው መጥራት የጀመሩትም በዚያው ዓመት ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ ጁን 8፣ 1978፣ ሩሲያዊው ደራሲ አሌክሳንደር ሶልዠኒትሲን መጡ። ከአገራቸው ከተባረሩ 4 ዓመታቸው ነው፤ ቨርሞንት ገጠር ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ዝናብ ያካፋል። እሳቸው በሩሲያኛ እየተናገሩ፣ አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ እየተከተለች፣ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ሄደ። አድማጩ የጠበቀው ኮሙኒዝምን እንዲያወግዙ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ጋባዦቻቸው አዞሩ። ምዕራቡ ድፍረት አጥቷል፣ ከሕግ በላይ ምንም አያውቅም፣ ጋዜጦቹ ኃላፊነት የላቸውም፣ ኑሮው ለአገሬ አርአያ አይሆንም አሉ። ትልልቆቹ ጋዜጦች መልስ ጻፉ። የጊዜው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ሮዛሊን ካርተር ሳይቀሩ አሜሪካ እሳቸው እንደሚሏት አይደለችም ብለው ተናገሩ። በንግግሩ በሁሉም አልስማማም። እንግድነት አፍ ሳይዘጋቸው ያመኑበትን መናገራቸውን ግን አከብራለሁ።

ከ2000 ወዲህ

ይኼኛው ዘመን ቪዲዮው ስላለ ሁሉም ያየዋል። ቢል ጌትስ በ1975 ትምህርቱን ጥሎ የወጣ ልጅ፣ በ2007 የክብር ዶክትሬት ተቀብሎ «አባዬ፣ ተመልሼ ዲግሪዬን አገኛለሁ ብዬህ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባ፤ ከዚህ ግቢ ስወጣ ዓለም ላይ ያለውን የኑሮ ልዩነት ምንም አላውቅም ነበር አለ። የሃሪ ፖተር ደራሲዋ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ በ2008 ስለ መውደቅ ተናገረች፦ ትዳሯ ፈርሶ፣ ሥራ አጥታ፣ ልጅ ይዛ ስለኖረችበት ጊዜ። በ2011 የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ መጡ፤ በምርጫ የአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት፣ ያውም የዚያው የሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤት የ1971 ምሩቅ። በ2019 የጀርመኗ መሪ አንጌላ ሜርክል በብዛት በጀርመንኛ ተናገሩ። ምሥራቅ በርሊን ሳሉ ከሥራ ወደ ቤት ሲመለሱ የበርሊን ግንብ ጋ ደርሰው በየቀኑ መታጠፍ እንደነበረባቸው አወሩ። ውሸትን እውነት፣ እውነትን ውሸት አንበል ሲሉ ሜዳው በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

2020 እና 2021 በኮቪድ ምክንያት በኢንተርኔት አለፉ። በ2022 የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በዚያው መድረክ ላይ በ1989 የቆሙትን የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤናዚር ቡቶን አነሡ። ሁለቱም በሥልጣን ላይ ሳሉ ወልደዋል፤ የአርደርን ልጅ የተወለደችውም በቡቶ የልደት ቀን ነው። በ2024 የፊሊፒንሷ ጋዜጠኛ ማሪያ ሬሳ ተናገሩ። በዚያ ቀን ግን በጋዛ ተቃውሞ ምክንያት ዲግሪያቸው ለተያዘባቸው 13 ተማሪዎች ሲሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተነሥተው ወጡ።

የአዲስ አበባው ልጅ

በሜይ 29፣ 2025 የተናገሩት ዶክተር አብርሃም ቨርጊዝ ናቸው። በ1955 አዲስ አበባ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከህንድ ኬረላ የመጡ አስተማሪዎች ነበሩ። በጃንሆይ ዘመን የተማረ ሰው ህንዳዊ አስተማሪውን አይረሳም፤ እሳቸው የነዚያ አስተማሪዎች ልጅ ናቸው። ሕክምና መማር የጀመሩት እዚያው አዲስ አበባ ሲሆን አብዮቱ መጥቶ አቋረጣቸው። አሜሪካ ገብተው ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ እየገፉ፣ አልጋ እያነጠፉ ሠሩ። ትምህርታቸውን ማድራስ ሄደው ጨረሱ። በ1980ዎቹ ቴነሲ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ መድኃኒት ያልነበራቸውን የኤድስ ሕሙማን አስታመሙ። በኋላ አዲስ አበባ ያለ የሚሲዮን ሆስፒታልን ይዘው ልብ ወለድ ጻፉ፤ አሁን ስታንፎርድ ያስተምራሉ። በዘር ህንዳዊ፣ በዜግነት አሜሪካዊ ናቸው። ለእኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ከዚህ የሚያስቀንሰኝ የለም።

የተናገሩበት ሳምንት ክፉ ነበር። ከ7 ቀን በፊት የትራምፕ መንግሥት ሃርቫርድ የውጭ አገር ተማሪ የመቀበል ፈቃዱ እንዲነሣ ወስኖ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አላን ጋርበር ከየመንደሩ፣ ከመላ አገሪቱና ከመላው ዓለም የመጣችሁ ተመራቂዎች፣ መሆን እንዳለበት ሲሉ ጭብጨባው አላቆም አለ። ቨርጊዝ ሲነሡ ለዚህ ቀን የሚገባችሁ ዝነኛ ሰው ወይም የኖቤል ተሸላሚ መስማት ነበር ብለው ጀመሩ። ቀጥለው በሕጋዊ መንገድ የገቡ ስደተኞችና ተማሪዎች እንዳይታሰሩና እንዳይባረሩ መስጋታቸውን በግልጽ ተናገሩ። ወጣትነታቸውን በአምባገነን ሥርዓት ሥር እንዳሳለፉ አነሡ። የኤድስ ሕሙማኖቻቸው ሲሞቱ ስላሳዩት ወንድነትና ፍቅር ተናገሩ። ልብ ወለድ አንብቡ፣ ካላነበባችሁ የአእምሯችሁ አንዱ ክፍል ይሟሽሻል ብለውም እንደ ሐኪም መከሩ።

በዚያው ጠዋት፣ ከወንዙ ማዶ ቦስተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛዋ አሊሰን ቡሮውዝ ተሰይመው ነበር። የመንግሥቱን ውሳኔ ያገደው ትእዛዛቸው እንደሚራዘም የተናገሩት ሜዳው ላይ ገና ጋዋን እንደተለበሰ ነው።